አንድ ሺህ ፈረስ ከአየር ጋር ሲገጥም

እ.ኤ.አ. በ1998 ማክላረን ኤፍ 1 የተባለችው እንግሊዝ ሠራሽ መኪና በሰሜን ጀርመን በሚገኘው የኤራ-ሌሲን መሞከሪያ ጎዳና በሰዓት 386 ኪሎ ሜትር ሮጣ የዘመኗን ክብረ ወሰን ያዘች። ሞተሯ 627 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ ቡጋቲ ቬሮን በዚያው ጎዳና 407 ኪሎ ሜትር ደረሰች፤ የእርሷ ሞተር ግን 1,001 የፈረስ ጉልበት ያመነጫል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል። ፍጥነቱ የጨመረው በ21 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን ጉልበቱ የጨመረው ግን በ374 ፈረስ ነው። ለእያንዳንዷ ተጨማሪ ኪሎ ሜትር ወደ 18 ፈረስ፣ ማለትም የሁለት ባጃጅ ሞተር ያህል ጉልበት ተከፍሏል ማለት ነው።

ልዩነቱን የፈጠረው ክብደት ነው የሚል አይጠፋም፤ ቬሮን 1,888 ኪሎ ግራም ስትመዝን ማክላረኗ 1,138 ብቻ ነበረችና። ዳሩ ግን ክብደት ሂሳቡን በዋናነት የሚያስከፍለው መኪና ከቆመበት ተነስቶ ፍጥነት ሲይዝ፣ ዳገት ሲወጣና ሲቆም ነው። በሜዳ መንገድ ላይ ፍጥነቱ ከፍ ብሎ በአንድ ልክ ሲረጋ፣ ከሞተሩ ጉልበት አብዛኛውን የሚወስደው አየሩ ነው።

አየርን እንደ ባዶ ነገር የምንቆጥረው ስለማናየውና ስንራመድ መንገድ ስለማይዘጋብን ነው። ነገር ግን በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ቬሮንን ከፊት ለፊቷ ቆመን ብንመለከታት የምትሸፍነው ስፋት 2.07 ካሬ ሜትር ነው፤ በ407 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደግሞ በአንድ ሰከንድ 113 ሜትር ትሄዳለች። እንግዲህ በየሰከንዱ በመንገዷ ላይ የሚያጋጥማት አየር 234 ሜትር ኩብ፣ በክብደት 280 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ሦስት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነገር በየሰከንዱ ከፊት እየተገፋ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን እየተከፈለ፣ ካለፈች በኋላ ደግሞ እንደገና ሊገጥም ይሞክራል። በዚህ ሁሉ ግርግር አየሩ መኪናዋን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል ሲሰላ ወደ 580 ኪሎ ግራም ክብደት ይጠጋል።

ጉዳዩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ይህ ኃይል ከፍጥነት ጋር እኩል እርምጃ አለመሄዱ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ፤ በአንድ ሰከንድ የሚያጋጥመን የአየር መጠን እጥፍ ይሆናል፣ እያንዳንዱን ኪሎ አየር የምንመታበት ፍጥነትም እንደዚሁ። ሁለት ጊዜ ሁለት አራት ነውና ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይደርሳል። ሂሳቡ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። መኪናዋ ያንን አራት እጥፍ ኃይል እየተቋቋመች በአንድ ሰከንድ የምትሄደው ርቀትም እጥፍ ስለሆነ፣ ከሞተሩ የሚጠየቀው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነትን በሦስት እጥፍ ማሳደግ የፈለገ ደግሞ ሃያ ሰባት እጥፍ ማዘጋጀት አለበት።

ይህንኑ በቬሮን ላይ እንመልከተው። አየሩን ብቻ ለመግፋት የሚያስፈልገውን ብናሰላ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ 13 የፈረስ ጉልበት ይበቃታል። በ200 ኪሎ ሜትር 104፣ በ300 ኪሎ ሜትር 350 ያህል ይሆናል፤ በ400 ኪሎ ሜትር 830 ያልፋል። የቀረውን የጎማዎቹ መንከባለልና በካምቢዮ ውስጥ ያለው ሰበቃ ይካፈሉታል። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ በሚፈቀደው 120 ኪሎ ሜትር ብትነዳ ለአየሩ የምትከፍለው 20 ፈረስ ያህል ብቻ ስለሚሆን፣ ከዘጠኝ መቶ በላይ የሚሆኑት ፈረሶቿ ከሾፌሩ ጀርባ ሥራ ፈትተው ይሄዳሉ።

ሕጉ በወረቀት ላይ ብቻ የሚሠራ አለመሆኑን የራሷ የቡጋቲ ታሪክ ያሳያል። በ2010 ቬሮን ሱፐር ስፖርት የተባለችው 431 ኪሎ ሜትር ደረሰች። 431ን ለ407 አካፍለን፣ ውጤቱን ሦስት ቦታ ጽፈን ብናባዛው 1.19 ያህል ይመጣል፤ በዚህ ቁጥር 1,001ን ስናባዛ አዲሲቱ መኪና 1,190 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋታል ማለት ነው። ሞተሯ 1,200 ነበር። ሂሳቡ እንዲህ ልክክ ሲል ሳይ፣ መኪናዋን የነደፋት ሰው ሳይሆን አየሩ ራሱ ነው ለማለት ይቃጣኛል። ቀጥሎ በ2019 እንግሊዛዊው ሾፌር አንዲ ዋላስ፣ በ1998 ማክላረኗን የነዳው ያው ሰው፣ ቺሮን ሱፐር ስፖርት 300+ የተባለችውን ለሙከራ የተዘጋጀች ቡጋቲ በ490 ኪሎ ሜትር ነዳት። በቀደመው ስሌት ብንሄድ ለዚህ 1,750 ፈረስ ገደማ ማስፈለግ ነበረበት፤ መኪናዋ ግን የነበራት 1,600 ነው። የጎደለውን በአብዛኛው የሸፈነው ቅርጽ ነው። መሐንዲሶቹ ከሠሯቸው ለውጦች ዋነኛው ጅራቷን 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ማስረዘም ነበር።

ጅራት ማስረዘም ለምን እንደሚጠቅም ለመረዳት፣ በጠጠር መንገድ ረጅም ርቀት ተጉዞ መናኸሪያ የገባን ሚኒባስ ዞር ብሎ ማየት ይበቃል። የፊት መስታወቱ ላይ ያለው አቧራ እምብዛም ነው፤ የኋላው መስታወት ግን ልጆች በጣታቸው ስም እስኪጽፉበት ድረስ በአቧራ ተለብጧል። አቧራውን ያስነሱት ጎማዎቹ ናቸው። መኪናው አቧራውን ጥሎት እየሄደ ሳለ ተከትሎ መጥቶ እንዲለጠፍበት ያደረገው ግን ከጀርባው የተፈጠረው የግፊት መውረድ ነው። ጣሪያውንና ጎኑን ተከትሎ የመጣው አየር እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠው ጀርባ ሲደርስ ድንገት ሊታጠፍ ስለማይችል ከአካሉ ተለይቶ በቀጥታ ወደ ኋላ ያልፋል፤ ባዶ የቀረውን ስፍራ የሚሞላው ግፊቱ የወረደና እየተሽከረከረ የሚከተል አየር ነው። ፊት ለፊት ያለው ከፍተኛ ግፊት ይገፋል፣ ከጀርባ ያለው ዝቅተኛ ግፊት ይስባል፤ መኪናውን የሚይዙት ሁለቱ ተባብረው ነው።

በመኪና ላይ ከሚደርሰው የአየር ተቃውሞ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይህ የግፊት ልዩነት ነው። አየሩ በቀለሙ ላይ እየታሸ ሲያልፍ የሚፈጥረው ሰበቃ በንጽጽር ትንሽ ስለሆነ፣ መኪናን በሰም መወልወል ለዓይን እንጂ ለፍጥነት የሚጨምረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ለአየር እጅግ የሚመቸው ቅርጽ ፊቱ ድቡልቡል፣ ኋላው ቀስ በቀስ እየቀጠነ የሚሄድ፣ የውኃ ጠብታን የመሰለ ነው፤ ይሁንና የዚህ ዓይነቱ ጅራት በጣም ስለሚረዝም ለመንገድ መኪና አይሆንም። በ1930ዎቹ በሽቱትጋርት ይሠሩ የነበሩት ጀርመናዊ መሐንዲስ ቩኒባልድ ካም ጅራቱ ጥቂት ከቀጠነ በኋላ በተገቢው ቦታ ላይ ቢቆረጥ ከጥቅሙ አብዛኛው እንደማይጠፋ አሳይተዋል። ቶዮታ ፕሪየስን ከጎኗ ያየ ሰው፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ ረጋ ብሎ ወርዶ ድንገት የሚቆረጥበት ቦታ ላይ የእርሳቸውን ሐሳብ ያገኘዋል።

የቅርጽን ብቃት ለመለካት መሐንዲሶች ‘ሲዲ’ የሚሉትን ቁጥር ይጠቀማሉ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቅርጹ አየሩን ሳያውክ ያልፋል። የተቃውሞው ኃይል የሚገኘው የአየሩ እፍግታ ግማሽ፣ ይህ የቅርጽ ቁጥር፣ የመኪናው የፊት ስፋትና በራሱ የተባዛው ፍጥነት አንድ ላይ ሲባዙ ነው። እዚህ ላይ ዓይን በጣም ይሳሳታል። በ1980ዎቹ የብዙ ወጣቶችን ግድግዳ ያስጌጠችው ላምቦርጊኒ ኩንታሽ እንደ ሽብልቅ የሾለች ስለሆነች አየርን እንደ ቢላዋ የምትቆርጥ ትመስላለች፤ ሲዲዋ ግን 0.42 ያህል ነበር። በ2009 የወጣችው ሦስተኛዋ ትውልድ ፕሪየስ 0.25 ናት፤ ኤሌክትሪካዊቷ መርሴዲስ ኢኪውኤስ ደግሞ ወደ 0.20 ወርዳለች። ሹል ፊት ያን ያህል አይጠቅምም፤ አየሩ ክፉኛ የሚታወከው በሰፋፊ ጎማዎች፣ በአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችና በጀርባ ነውና።

ሲዲ ብቻውንም አይበቃም። ማክላረን ኤፍ 1 ሲዲዋ 0.32፣ የፊት ስፋቷ 1.79 ካሬ ሜትር ነበር። ቬሮን በጣም ዝቅ ብላ ስትሄድ እንኳ 0.36 እና 2.07 ናት። ሁለቱን ቁጥሮች ስናባዛ የቬሮን ከማክላረኗ በ30 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በመግቢያው ላይ ያየነው የ374 ፈረስ ልዩነት ምስጢሩ እዚህ አለ፤ ቬሮን የምትገፋው አየር በፍጥነቷ ምክንያት ብቻ ሳይሆን በአካሏም ምክንያት የበዛ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ገንዘብና ዕውቀት የፈሰሰባት መኪና አየርን በመሰንጠቅ ከቤተሰብ መኪና ለምን ታንሳለች? መልሱ ሙቀት ነው። በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ወደ ሥራ ከሚለውጠው ጉልበት በግርድፉ እጥፍ የሚሆነውን በሙቀት መልክ ያባክናል። ስለዚህ 1,001 ፈረስ የሚሰጥ ሞተር ሁለት ሺህ ፈረስ የሚያክል ሙቀት በጭስ ማውጫና በራዲያተር በኩል ማስወገድ አለበት፤ ቬሮን አሥር ራዲያተሮች የተገጠሙላት በዚህ የተነሳ ነው። በራዲያተር ውስጥ የሚያልፍ አየር በቀጫጭን ቆርቆሮዎች መካከል እየተሽሎከለከ ሲወጣ ፍጥነቱን ያጣል፤ እርሱ ያጣውን መኪናዋ ከሞተሯ ትከፍልበታለች። እንግዲህ ፍጥነት ለመጨመር ጉልበት ይጨመራል፣ የተጨመረው ጉልበት ሙቀት ያመጣል፣ ሙቀቱ ራዲያተር ይፈልጋል፣ ራዲያተሩ ደግሞ ያንኑ ልናሸንፈው የተነሳነውን የአየር ተቃውሞ ያበዛዋል። ዕዳን በብድር እንደመክፈል ያለ ነገር ነው። በሙሉ ፍጥነቷ የምትሄድ ቬሮን 100 ሊትር የሚይዘውን የነዳጅ ታንኳን በ12 ደቂቃ ገደማ ትጨርሰዋለች፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የምትሄደው ደግሞ ከአዲስ አበባ አዳማ የማያደርስ ርቀት ነው።

ከሙቀት ሌላ ሁለተኛ አበዳሪ አለ፤ እርሱም መንገዱን መያዝ ነው። የብዙ መኪኖች የጎን ገጽታ ከታች ጠፍጣፋ፣ ከላይ ጎበጥ ያለ በመሆኑ የአውሮፕላን ክንፍን ጠባይ ይጋራል፤ በላዩ የሚያልፈው አየር ፈጥኖ ግፊቱ ስለሚወርድ መኪናውን ወደ ላይ ያነሳዋል። በ1998 የወጣችው የመጀመሪያዋ ኦዲ ቲቲ ለዚህ የታወቀች ምሳሌ ናት። ጣሪያዋ ያለ ምንም ማቋረጫ እስከ ኋላ መከላከያዋ ድረስ ክብ ሆኖ ይወርድ ስለነበር አየሩ ጀርባዋን አቅፎ በመውረድ የኋላ ጎማዎቿን ያቀልላቸው ነበር። በጀርመን አውራ ጎዳናዎች ላይ ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ እየሄዱ ድንገት መሪ ባዞሩ ሾፌሮች ላይ፣ ሞት ያስከተሉትን ጨምሮ፣ አደጋዎች ደረሱ። ኩባንያው የተሸጡትን መኪኖች ጠርቶ፣ ከሌሎች ማስተካከያዎች ጋር፣ በኋላ ኮፈናቸው ጫፍ ላይ ትንሽ የአየር ማገጃ ገጠመላቸው። ንድፉን የወደዱ ሰዎች ውበቷን አበላሸ ብለው አዝነው ነበር፤ እኔ ግን በዚያች ቁራጭ ምክንያት መኪናዋን ይበልጥ አምናታለሁ።

እንዲህ ያለው ማገጃ ሁልጊዜ ተቃውሞ ይጨምራል ማለት አይደለም። በ1972 መገባደጃ የቀረበችው ፖርሸ 911 ካሬራ አርኤስ በጀርባዋ ላይ የተገጠመላት፣ የዳክዬ ጭራ የሚል ቅጽል የወጣለት ማገጃ የኋላዋን መነሳት ከመቀነሱም በላይ ከፍተኛ ፍጥነቷን በጥቂቱ ጨምሮላታል፤ አየሩ ከጀርባዋ የሚለይበትን ቦታ ስላስተካከለው ነው። ትልልቅ ክንፎች ግን ዋጋቸውን ያስከፍላሉ። በ2022 የወጣችው ፖርሸ 911 ጂቲ3 አርኤስ በ285 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ስትሆን አየሩ በ860 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ወደ አስፋልቱ ይጫናታል። 525 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ከፍተኛ ፍጥነቷ ግን 296 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያው ዘመን የተሠራችው ታናሿ ካሬራ ኤስ በ450 ፈረስ 308 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ተጨማሪው 75 ፈረስ የት ገባ ቢባል፣ በጠመዝማዛ ላይ ጎማዎቿ መሬት ቆንጥጠው እንዲይዙ የሚያደርገውን ጫና ገዝቶበታል። ቀጥታውን መንገድ የሚወድ አንዷን፣ ጠመዝማዛውን የሚወድ ሌላዋን ይመርጣል።

ጎማዎችም ከጠቅላላው ተቃውሞ ሩብ ያህሉን ሊይዙ ይችላሉ፤ ቸርኬያቸው እየዞረ አየሩን እንደ ማራገቢያ ይበትነዋልና። ከመኪናው ሥር ያለው ወለልም ቧንቧና ዘንግ የተንጠለጠለበት ከሆነ አየሩን ያሰናክላል፤ በውድ መኪኖች ላይ ከሥር ለስላሳ ሽፋን የሚደረገው ስለዚህ ነው።

ከፍታ የሚያመጣው ለውጥም አለ፤ የእኛን አገር አንባቢ የሚመለከተውም እርሱ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ በሆነችው አዲስ አበባ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ በተመሳሳይ ፍጥነት የአየር ተቃውሞው በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ ግን እንደ ማክላረን ኤፍ 1 ያለ ቱርቦ የሌለውን ሞተር አይጠቅመውም፤ እርሱም የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ጉልበቱ በተመሳሳይ መጠን ይወርዳል፣ አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። ቱርቦው የጎደለውን አየር አምቆ ማሟላት የሚችል ሞተር ወይም ከነአካቴው አየር የማይተነፍሰው የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ጉልበቱን እንደያዘ ይቆያል፤ በስሌት ደረጃ ከፍተኛ ፍጥነቱ እስከ 8 በመቶ ሊያድግ ይችላል። ስስ አየር ራዲያተሩንም በደንብ እንደማያቀዘቅዝ፣ ክንፉንም እንደ ወትሮው እንደማይጫን ግን መዘንጋት የለበትም።

የነፋስ አቅጣጫም በክብረ ወሰን ሙከራዎች ላይ ክርክር ያስነሳል። በ2017 ኮኒግሴግ አጌራ አርኤስ የተባለችው ስዊድናዊት መኪና በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት፣ ለትራፊክ በተዘጋ ጎዳና ላይ 447 ኪሎ ሜትር ያስመዘገበችው ወዲያና ወዲህ ሮጣ በተገኘው አማካይ ነው። የ2019ኙ የቡጋቲ 490 ኪሎ ሜትር ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተለካ ነበር። አየር የሚቃወመው መኪናዋ ከአስፋልቱ አንጻር ያላትን ፍጥነት ሳይሆን ከራሱ አንጻር ያላትን ነው፤ በ490 ላይ 10 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጀርባ ነፋስ ቢኖር ከ50 ፈረስ የሚበልጥ ጉልበት በነጻ ያተርፋል። ወዲያና ወዲህ መሮጥ የተለመደው ይህን ትርፍ ለማጣፋት ነው።

ቬሮን ከእነዚህ ተቃራኒ ፍላጎቶች ጋር የተስማማችው ቅርጿን እየለዋወጠች ነው። በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር ስትደርስ ከመሬት ያላት ከፍታ ከ12.5 ወደ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ የኋላ ክንፏም ብቅ ብሎ ሦስት ኩንታል ተኩል ያህል ጫና ይሰጣታል። በዚህ ሁኔታ 407 ኪሎ ሜትር አትደርስም። ያን ፍጥነት የሚሻ ሾፌር መኪናዋን አቁሞ፣ ከመቀመጫው በስተግራ ያለችውን ሁለተኛ ቁልፍ መጠቀም አለበት። መኪናዋ ራሷን ከፈተሸች በኋላ ከፍታዋን ወደ 6.5 ሳንቲ ሜትር ታወርዳለች፣ ክንፏን ትሰበስባለች፣ ከፊት በታች ያሉትን የአየር መተላለፊያዎች ትዘጋለች፤ ሲዲዋም ከ0.41 ወደ 0.36 ይወርዳል። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየሄደች ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ ክንፉ በ0.4 ሰከንድ ውስጥ ወደ 55 ዲግሪ ቀና ብሎ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ሺህ ፈረስ ሲታገለው የነበረው አየርም ጎማዎቹን አግዞ መኪናዋን ያቆማል።